ክሩ የማይደርስበት ወንበር

በመምህራን ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ለቀረው ሁሉ «ባለክሯ» ነች። ስሙን ያወጡላት ሠልጣኞቿ ናቸው፤ በክፋት አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን ፊቷን አጨፍግጋባቸው ነበር። ኋላ ለመደችው፣ ከዚያም ወደደችው፣ በመጨረሻ ስልክ ስታነሳ ራሷ «አቤት፣ ባለክሯ ነኝ» ማለት ጀመረች።

ክሩ ቡናማ የሱፍ ክር ነው፤ ተጠቅልሎ ሁለት እጅ ይሞላል። ከእጅ እጅ ሲዞር ኖሮ ሳስቷል፣ እዚህም እዚያም ተቋጥሯል። ግማሹ ጽሕፈት ቤት አዲስ ክር ሊገዛላት ተነሥቶ ያውቃል። እሷ ግን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ታወጣው ነበር። ክሩ የማን እንደነበረ ለማንም አልተናገረችም፤ ጠይቋት የሚያውቅ ሰውም የለም።

የሥልጠናው ስም በወረቀት ላይ «በመማር ማስተማር ሂደት ፍትሐዊነትን የማረጋገጥ ሙያዊ ሥልጠና» ይባላል። አንብበው ሳይጨርሱት ሻይ ይቀዘቅዛል። ነገሩ ግን ከስሙ በጣም ያጠረ ነበር። ባለክሯ ለአዳራሽ ፊት አትሰጥም። አስተማሪዎቹን ወስዳ የልጆች ክፍል ውስጥ፣ የልጆች ዴስክ ላይ ታስቀምጣቸዋለች። ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አይቀረው። አንድ ቦርጫም ርእሰ መምህር ከገባ በኋላ መውጣት አቅቶት ሰዎች ጎትተው ያወጡት ቀን፣ ሳቁ እስከ ጽሕፈት ቤት ተሰምቷል። ከመካከላቸው አንዱ ያስተምራል፣ የቀሩት ተማሪ ይሆናሉ። ጥያቄ የደረሰው ሰው የክሩን ጥቅልል ይቀበላል፤ መልሶ ሲያበቃ ክሩን ሳይለቅ ጥቅልሉን ለቀጣዩ ይወረውራል። ትምህርቱ ሲያልቅ ባለክሯ እጇን ታነሣና «አሁን ማንም ንቅንቅ እንዳይል!» ትላለች።

ያኔ ሁሉም ዞር ዞር ብሎ ያያል። የፊት ወንበሮች በክር ተተብትበዋል። ደፋሮቹና ቀልደኞቹ፣ አስተማሪው የሚያውቃቸው ሰዎች፣ እጃቸው ላይ የተደራረበው ክር እንቅ አድርጎ ይዟቸዋል። ከበሩ ኋላ ያለው፣ መስኮቱ ጥግ የተወሸቀው፣ ባዶ እጁን ዴስኩ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ጠዋት ላይ «እኔ ሁሉንም በእኩል ዓይን ነው የማየው» ብለው ደረታቸውን የነፉ ሰዎች ያን ክር አይተው አንገታቸውን ሲደፉ ባለክሯ አትሰድባቸውም፣ አታሞግሳቸውምም።

«እኩል ማየታችሁን አልጠየቅኳችሁም» ትላለች። «ክሩ የት ድረስ ሄደ ነው ያልኩት።»

የቀሩት ቀናት ሥራ ያን ክር ወደ ኋላ መውሰድ ነው። ሰሌዳው የማይታየው ማን ነው? ጠዋት ሥራ ሠርቶ ደክሞት የሚመጣው ማን ነው? ቤቱ የሚነገረው ቋንቋ ሌላ የሆነው ማን ነው? ትምህርታቸውን አፍርሰው እንደገና ይሠሩታል። አንዳንዱ ያኮርፋል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሁለቱም ተርፎ ምሳ መቼ እንደሚደርስ ይጠይቃል።

ይህን ጥበብ ባለክሯ ከኮሌጅ አላመጣችውም። እናቷ ሹራብ ሠሪ ነበረች። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ጥግ ላይ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር በጆንያ የታጨቀ ክር። ልጆቹ ሲያድጉ ሹራባቸው ይፈታል፣ ክሩ ይታጠባል፣ በወንበር ጀርባ ተወጥሮ ይደርቃል፣ ተመልሶ ሌላ ሹራብ ይሆናል። እናቲቱ ታዲያ ለልጆቿ ክር አስተካክላ አካፍላ አታውቅም። ደረቷን ለሚያማት ለታላቋ ድርብ ክር፣ ቁመቱ ለሚመዘዘው ወንድም ረጅም እጅጌ። ትንሿ፣ ማለትም የዛሬዋ ባለክሯ፣ የሷ ሹራብ ስስ መሆኑን አይታ አንድ ቀን አምርራ አለቀሰች።

«ለሷ ብቻ! ሁልጊዜ ለሷ!» አለች መሬቱን በእግሯ እየደበደበች።

እናቷ ዓይኗን ከመርፌዎቹ አላነሣችም። «ብርዱስ እኩል ነው እንዴ የሚመታችሁ?» አለቻት።

ነገሩ በዚያ አበቃ። ባለክሯ ግን ኋላ በመቶ የሚቆጠሩ መጻሕፍት አንብባ፣ ስብሰባ ላይ ተጥዳ ውላ፣ ያቺን ጥያቄ የሚያህል ነገር አላገኘችም።

ትምህርት ቤት የገባችው ከዚያው ከስሱ ሹራብ ጋር ነው። ቦታዋ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበር፣ በሩ ሲከፈት የሚገጫት። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጎበዞቹን ይወዱ ነበር፣ ጎበዞቹም ከፊት ነበሩ። ዓመቱ እስኪያልቅ አንድም ቀን አልጠየቋትም። መልሱን ስታውቀው እንኳ ጣቷ ከዴስኩ ከፍ ሳይል ሌላው ይመልሰዋል። ሆድ ይብሳታል። ቤት ስትገባ እናቷ ሹራቧን እየሠራች፣ ፊቷን ሳታይ፣ «ዛሬ ምን ተባለ?» ትላታለች፤ ከዚያም ዝም። መርፌዎቹ ቅጭ ቅጭ ይላሉ። አንድ መስመር ያልቃል፣ ሹራቡ ይገለበጣል፣ ሌላው ይጀመራል። ልጅቷ መልስ እስኪመጣላት እናቷ ቸኩላም አታውቅ፣ ደግማም አትጠይቅ። ያ ቅጭ ቅጭ ዛሬም ባለክሯን ሳታስበው በመንገድ መሐል ያቆማታል። እናቷ ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ ናፍቆቱ ግን አልረጀም።

ቡናማው ክር የዚያ የስሱ ሹራብ ክር ነው። አልበቃት ሲል እናቷ ፈታችው፤ ወደ ሌላ ሳትቀይረው ዓይኗ ደከመና ጥቅልሉ እንደ ጥቅልል ቀረ።

እንግዲህ ባለክሯ ጡረታ የምትወጣበት ዓመት ደረሰ። በዚሁ ዓመት ማሠልጠኛው አዲስ ኃላፊ መጣለት፤ ወጣት፣ ኮቱ ያልተጨማደደ፣ ሰላምታው የማያልቅ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ አዳራሽ ይወድ ነበር እንጂ። ቢሮው አስጠርቶ ወንበር ሳበላት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ» አላት። «መምህራኑን ሦስት ቀን ሙሉ የልጅ ዴስክ ላይ ከምናንገላታቸው፣ በግማሽ ቀን አዳራሽ ውስጥ ሁሉንም ብናዳርስስ? ፕሮጀክተር አለ፣ ስላይድ እናዘጋጃለን።»

«ስላይዱ ላይ የኋላው ወንበር ይታያል?» አለችው።

ሳቀ። «እርስዎማ መልስ አያጡም። በሉ እንዲህ እናድርግ፤ የመጨረሻውን ዙር መጥቼ አያለሁ። ይህን ነገር ከእርስዎ ተረክቦ በእግሩ የሚያቆም ሰው ካሳዩኝ እንዳለ ይቀጥላል። ከሌለ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ወደ አዳራሹ እንገባለን።»

ባለክሯ ከቢሮው ስትወጣ አልፈራችም። ተረካቢዋን ካሰበችበት ቆይታለች። ቅጽል ስሙ «ሬዲዮ» ነው። የሳይንስ መምህር ነው፤ ምላሱ ጤፍ ይቆላል፣ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ባትሪው ሲያልቅ ነው። እሱ ባለበት ሥልጠና እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ልቡም ንጹሕ ነው፤ ክሩን መጀመሪያ ያየ ዕለት ተነሥቶ «እኔኮ ስንት ልጅ በዝምታ ቀበርኩ!» ብሎ ክፍሉን አስለቅሶታል። ባለክሯ ያን ቀን በልቧ መረጠችው፤ ሌላ ሰው አላማተረችም።

ሌላ ሰው ግን ነበረች። ራቅ ካለ ትምህርት ቤት የምትመጣ፣ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ሠልጣኞቹ «ዝምተኛዋ» ይሏታል። ሥልጠናውን ደጋግማ ወስዳለች። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ያለውን የመጨረሻ ወንበር ትይዛለች፣ ሁሉን ታያለች፣ አትናገርም። ባለክሯ በልቧ፣ «ትምህርት ቤታቸው ሌላ ሂያጅ ቢያጣ ነው እሷኑ የሚያመላልሳት» ብላ ታዝናለች። አንዴ ከብዙ ጊዜ በፊት አንድ ነገር ጠይቃት እንደሆን እንጂ፣ ከዚያ ወዲህ ጠይቃት አታውቅም።

የመጨረሻው ዙር የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ባለክሯ ክፍሉን ራሷ ጠረገች። የጠመኔው ሽታ፣ የዴስኮቹ መንቋቋት፣ በመስኮቱ የሚገባው የጠዋት ፀሐይ፣ ሁሉም «ቻው» የሚላት መሰላት። አንድ ልጅ በምስማር ስሙን የፈለፈለበትን ዴስክ በመዳፏ ስትዳብስ ኃላፊው ገባ። ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ሥር ገባ፣ ኮቱ ተኮማተረ።

ሬዲዮ ጠመኔውን አነሣ። ትምህርቱ ስለ ዝናብ ነበር።

«ተማሪዎች! ይህ ራሳችን ላይ የሚወርደው ውሃ ከየት ነው የሚመጣው? እ? የኔ ቆንጆ፣ አንቺ በይ!» ብሎ ጥቅልሉን ለፊተኛዋ ሰጠ።

ክፍሉ ነፍስ ዘራ። ሬዲዮ ደመና ሆነ፣ ነጎድጓድ ሆነ፣ ጃንጥላው የተገለበጠበት ሰውዬ ሆነ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። መሐል ላይ «ተማሪ ኃላፊስ ምን ይላሉ?» አለና ክሩን ወደ ኮታሙ ሰውዬ ላከ። ኃላፊው በትክክል መለሰ፤ ሬዲዮ አጨበጨበ። ኃላፊው ልቡ ቅቤ ጠጣ። ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮ ደግሞ ጠየቀው። ከዚያም «የቅድሙ ጎበዝ ተማሪዬ!» ብሎ እንደገና። ባለክሯ ከጎን ቆማ ታያለች፤ ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ፊቷ ላይ ደረቀ። ልታስቆመው አሰበች፤ ግን ሕጉ የራሷ ነው፣ ትምህርት ሳያልቅ አይቋረጥም።

አለቀ። «ማንም ንቅንቅ እንዳይል» አለች፤ ድምፅዋ ራሷን አልመሰላትም።

ክሩ ኃላፊው ላይ ነበር። በኮቱ ቁልፎች ዞሯል፣ በክንዱ ዞሯል፣ ሰዓቱን አልፎ አንገቱ ሥር ደርሷል፤ በአደራ የሚላክ ዕቃ መስሏል። ከሱ የተረፈው ሁለቱን የፊት ረድፎች አዳርሷል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

መጀመሪያ የሳቀው ሬዲዮ ራሱ ነው። እጁን ራሱ ላይ ጫነና «ጉድ በሉ! ሰበክኩላችሁ፣ ሰበክኩላችሁ፣ አለቃ ሳይ ጊዜ ተቀለበስኩ!» አለ። ሁሉም ተንከተከተ። ኃላፊው ግን አልሳቀም። ፊቱ ቀልቷል።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ» አለ እንደታሰረ። «የመረጡት ሰው ራሱ እንዲህ ካደረገ፣ ስንት ጊዜ የወሰደው ሥልጠና ምን ሠራ ልበል?»

ባለክሯ እንደ ሠልጣኞቿ አንገቷን ደፋች። ሰውየው እውነቱን ነው። የኖረችበት ሥራ ሁሉ ዓይኗ ሥር እንደ ሹራብ የሚፈታ መሰላት። ክሩን በዓይኗ ተከተለችው፤ ከኃላፊው ወደ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከዚያ ወደ ምንም። ባዶውን አልፋ በዓይኗ እስከ በሩ ሄደች። እዚያ ዝምተኛዋ ባዶ እጇን ዴስኩ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች።

ባለክሯ ደነገጠች። ሬዲዮ ክሩን ዛሬ ነው ለአለቃው የሰጠው፤ እሷ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ለሬዲዮ ስትሰጥ ኖራለች። ድምፁ ስለደመቀ መረጠችው፤ ይህችን ሴት አላየቻትም። ያውም የኋላ ወንበር ልጅ ሆና!

«አንቺ» አለቻት። «ምን ታየሽ?»

ሁሉም ዞሮ አየ። ዝምተኛዋ አቀረቀረች። ጊዜው ተጎተተ። ሬዲዮ ሊያግዛት አፉን ሲከፍት ባለክሯ እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው። ከዚያ በሌላው እጇ መነጽሯን አወለቀችና በሻርፗ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። ኃላፊው ሰዓቱን ሊያይ ፈለገ፤ ሰዓቱ ክር ውስጥ ነው።

«ሥልጠናው ሠርቷል» አለች ዝምተኛዋ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተንቀጠቀጠም። «እኔ ክፍል ጥያቄ እጠይቅና ዞሬ ሰሌዳ እጠርጋለሁ። የተጠረገውንም ቢሆን ደግሜ እጠርገዋለሁ። ቶሎ የሚያነሡት እጃቸው ይደክምና ያወርዱታል። የሚዘገዩት ያን ጊዜ ይደርሳሉ። ስዞር ከኋላ ነው የምጀምረው።»

«ይህን ከየት ተማርሽው?» አለ ኃላፊው።

«ከእሳቸው ነዋ።»

«እኔ እንዲህ ብዬ አስተምሬ አላውቅም» አለች ባለክሯ።

«አላስተማሩኝም። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ‹ለምን አስተማሪ ሆንሽ?› ብለው ጠየቁኝ። መልሱ ጠፋኝ። እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ፤ አሁን እንደሚያደርጉት። ቢጠርጉ፣ ቢጠርጉ፣ አይጨርሱም። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም። መነጽሩን መልሰው ሲያደርጉ እኔ መልሼ ነበር።» ቀና አለች። «ተመላልሼ የመጣሁት ሲጠብቁ ለማየት ነው።»

ባለክሯ እጇ ውስጥ ያለውን መነጽር አየችው። ከጠራ ቆይቷል። ለምን እንደምትጠርገው አስባው አታውቅም። ጆሮዋ ላይ ግን ቅጭ ቅጭ የሚለው ድምፅ መጣ፤ ዓይኗን ከመርፌ የማታነሣዋ እናቷ። መነጽሩን ለማድረግ አልቸኮለችም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«እና አንቺ ትይዥዋለሽ? ሥልጠናውን?» አለ ኃላፊው።

ዝምተኛዋ እንደገና ዝም አለች። ኃላፊው መነጽር የለውም። አቀረቀረና ከኮቱ ቁልፍ ላይ ክሩን፣ ሳይበጥሰው፣ ቀስ እያለ መፍታት ጀመረ። አንዱን ቁልፍ ጨረሰ፣ ወደ ሌላው ሄደ። ማንም አልሳቀም።

«እይዘዋለሁ» አለች። «አዳራሽ ውስጥ ግን አይደለም።»

«እኔ ዴስክ እደረድራለሁ!» አለ ሬዲዮ፤ ይኼኔ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊውም ሳቀ።

ባለክሯ ጡረታ ወጣች። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ስትደርስ ነበር የትም እንደማትሄድ ትዝ የሚላት። ቦርሳው ቀሏታል፤ ክሩን ትታዋለች። የልጆቹ ደወል ከሩቅ ሲሰማ ልቧ ይሄድና ይመለሳል። የልጅ ዴስክ ናፈቀኝ ብትል ማን ያምናታል?

አዲሱ ዙር ሲከፈት ጠሯት። ሬዲዮ በር ላይ ተቀብሎ፣ እየለፈለፈ፣ ለክብር እንግዳ ብሎ ከፊት ያስቀመጠላትን ባለመደገፊያ ወንበር አሳያት። አመሰገነችውና አልፋው ሄደች። በሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው ዴስክ ላይ እንደ ምንም ብላ ገባች። በሩ ሲከፈት ገጫት።

ዝምተኛዋ ከፊት ቆማለች። ጥቅልሉን በእጇ ይዛለች።

«ልጅ ሆናችሁ፣ መልሳችሁን ቆሞ የጠበቃችሁ ማን ነው?» አለች። ከዚያ ዞረችና ሰሌዳውን መጥረግ ጀመረች።

እጆች ወጡ። ሬዲዮ ሠልጣኝ ሳይሆን የሱም ወጣ። ባለክሯ ይህን የሚያህል ዘመን ስትጠይቅ ኖራ፣ ይህ ክፍል እሷን ጠይቋት እንደማያውቅ አሁን ገባት። መልሱ ነበራት፤ ጣቷ ግን ከዴስኩ ከፍ አላለም። የፊተኞቹ እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ሰሌዳው ንጹሕ ነው፤ ዳስተሩ አሁንም ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ዝምተኛዋ ዞረች። ከኋላ ጀመረች፤ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር አይታ፣ ምንም ሳትል ቆመች።

«እናቴ» አለች ባለክሯ። «ሹራብ እየሠራች።»

ቡናማው ጥቅልል በክፍሉ ላይ ተወርውሮ መጣ፤ በሁለት እጇ ተቀበለችው።